ትርፌ በሁለት እናቶች መሃል

ዜናውን የሰማሁት የዶሮ ቤቱን ቆርቆሮ እየመታሁ ነው። ነፋስ ገልጦት ስለነበር ባለቤቴ ትርፌ ደጋግማ ስትነግረኝ ከርማለች። የጠዋት ፈረቃ አስተምሬ ከገባሁ በኋላ፣ እሷ ከገሱባ ሳትመለስ ልጨርሰው ብዬ መሰላል ላይ ወጣሁ። ስልኬ ጮኸ። የትርፌ ታላቅ ወንድም አንጁሎ ነበር።

አንጁሎ ከተዋወቅን ጀምሮ በአማርኛ አናግሮኝ አያውቅም። ሶዶ ተወልጄ ማደጌን እያነሳ፣ «ወላይትኛህ የከተማ ነው፣ ውሃ በዝቶበታል» ይለኛል፤ እንዳልከተለውም ሆን ብሎ ፈጠን ፈጠን አድርጎ ያወራል። የዚያን ቀን ግን ቀስ ብሎ በአማርኛ፣

«ጌታነህ፣ የት ነህ?» አለኝ።

«ቤት።»

«ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ። ምነው?»

«ወደ ውስጥ ግባና ተቀመጥ» አለ።

አልገባሁም። አማርኛው ነግሮኛል። ትርፌ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ጎማው ፈንድቶ ከመንገድ እንደወጣ፣ ሌሎቹ እንደተረፉ የነገረኝ መሰላሉ ላይ እንደቆምኩ ነው። ጊዜው ታኅሣሥ ገና እንደገባ ነበር። ጎረቤቶቻችን ለገና ቅርጫ በሬ የሚገዛ ሰው ይመርጡ ነበር።

ትርፌ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበረች። የጉኑኖ ልጅ ናት፤ ወላይትኛውን ከእናቷ፣ አማርኛውን ከትምህርት ቤት አገኘችው፤ ሁለቱንም እንደ ሁለት እጇ ታዛቸው ነበር። ከገጠር የመጣ ምስክር አጠገብ ቆማ እሱ ያለውን ለዳኛው፣ ዳኛው ያለውን ለእሱ ትናገራለች። ጉሮሮዋ እንዳይደርቅ ዝንጅብል ታኝካለች። ሥራ ስትጀምር ምላለች፤ አንድ ቃል አትጨምርም፣ አንድ ቃል አታስቀርም። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ በዳኛው ጥያቄ ተሰላችተው በወላይትኛ፣ «ይሄ ልጅ ቁርስ ሳይበላ ነው እንዴ የመጣው?» አሉ። ትርፌ ፊቷን ሳታጥፍ፣ «ይህ ልጅ ቁርስ ሳይበላ ነው እንዴ የመጣው፣ ይላሉ ምስክሩ» አለች። ዳኛው ቀና ብሎ አያትና፣ «እውነታቸውን ነው፣ አልበላሁም» ብሎ ችሎቱን ለሻይ አስነሳ።

ቤት ስትመጣ ሌላ ሰው ናት። በተለይ ለገና።

እናቴ ፈጠነች ሶዶ ተወልዳ ሶዶ ያረጀች ሴት ናት። አባቷ ከሸዋ በጸሐፊነት መጥቶ እዚሁ ቀርቷል። ወላይትኛዋ ከቅቤና ከሽንኩርት ዋጋ አያልፍም። ጾም አታጎድልም፤ የገናን ጾም የምትፈታው ሌሊቱን ቅዳሴ ቆማ አድራ ሲነጋ ነው። የትርፌ እናት እማማ አልታዬ ደግሞ ፕሮቴስታንት ናቸው። የሚያውቁት አማርኛ የመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ ብቻ ነው። «እነሆ»ን፣ «ምሕረት»ን፣ «ጻድቅ»ን ያውቃሉ፤ ጭልፋ ያቀብሉኝ ቢሏቸው ፈገግ ብለው ዝም ይላሉ። እነዚህ ሁለት ሴቶች በዓመት አንድ ቀን፣ በገና፣ እኛ ቤት አንድ ማዕድ ይቀርባሉ። ትርፌ መሃላቸው ትቀመጣለች።

በተጋባን በመጀመሪያው ገና እማማ አልታዬ ዋዜማውን በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ፣ ቅቤና አይብ የጠገበ የእንሰት ምግብ ሙቿም ይዘው ከጉኑኖ መጡ። ሙቿው ቤቱን በሽታው ሞላው። እናቴ ለቅዳሴ ነጠላዋን እያጣፋች ነበር። ጾመኛ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና፣

«ይሄ ደግሞ ለማን ነው? ለጥጃ?» አለች።

እማማ አልታዬ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ትርፌ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ በወላይትኛ፣ «ላምሽ ጥጃ እንዳላት ከቅቤው ያስታውቃል፣ እንኳን ደስ ያለሽ አሉ» አለቻቸው። አማቴ ፊታቸው በራ። ላሟ መቼ እንደወለደች፣ ጥጃው ምን እንደሚመስል፣ ምጡ እንዴት አስቸጋሪ እንደነበር ረዥም ወሬ አወሩ።

«ምን አለች? ብዙ ተናገረች እኮ» አለች እናቴ።

«ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በጸሎትዎ ያስቡኝ እያሉ ነው፣ እማማ።»

እናቴ ነጠላዋን ይዛ ቆመች። ጴንጤ እንዲህ ትለምነኛለች ብላ አስባ አታውቅም። «አስባታለሁ፣ ምን ገዶኝ» አለችና ወጣች። እንዳለችውም አደረገች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከሙታኑና ከሕያዋኑ ስም ጋር የአልታዬን ስም ትጠራለች። ሰምቻታለሁ።

ሲነጋ ዶሮው ቀረበ። ከእናቱ ጋር የመጣው አንጁሎ ሊጸልይ ተነሣ። አንጁሎ ሲጸልይ ከሀገር ሰላም ጀምሮ የጎረቤት በግ ሳይቀር ያነሳል። ያን ሁሉ ቀን ጾማ፣ ሌሊቱን ቆማ ያደረች እናቴ ከማዕዱ ማዶ፣ «በዚህ አያያዝ ዶሮዋ ተነሥታ ትሄዳለች» አለች። እማማ አልታዬ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ትርፌን በክርናቸው ጎሰም አደረጓት። ምን አለች ማለታቸው ነው።

«አሜን አሉ» አለች ትርፌ።

አማቴ ወጡን ቀመሱና ቀስ ብለው፣ «ይሄ ሰው ያቃጥላል እንጂ አያጠግብም» አሉ። ትርፌ ለእናቴ፣ «እንዲህ ያለ ወጥ በልቼ አላውቅም ይላሉ» አለቻት። እናቴ፣ «ገጠር ከየት አግኝታ!» አለች። ትርፌ ለእናቷ፣ «እንዳንቺ ያለ እንግዳ ከየት ይገኛል አሉ» አለች። በዚህ ሁኔታ ቀኑ ዋለ። ሁለቱ እናቶች ተቃቅፈው ተለያዩ። ከዚያ በኋላ ያሉት ገናዎች ሁሉ እንደዚሁ ናቸው፤ ስድቡ ይለያያል፣ ትርጉሙ ግን ሁልጊዜ ምርቃት ነው።

እንግዳ ሲሸኝ ትርፌ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ሄዳ ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ትታጠባለች። አንድ ቀን ተከትያት ሄድኩ። ባልዲው ላይ ጎንበስ እንዳለች፣

«ጉንጬ ደከመኝ» አለችኝ። «ስድስት ምስክር ባስተረጉም እንዲህ አይደክመኝም።»

«ታዲያ እንደተባለው ለምን አትነግሪያቸውም?»

«ልንገራቸው? ከነገርኳቸው የሚቀጥለውን ገና የምናከብረው አንተና እኔ ዶሮ ቤት ውስጥ ነው።»

«አስተርጓሚ ነሽ እኮ። ምለሻል።»

«እዚያ ምያለሁ» አለች ፊቷን እየጠረገች። «እዚህ ማን አስማለኝ?»

ከልጃችን ከቤቴል በኋላ ሁለተኛ ልጅ አርግዛ ነበር። አልቆየም፤ የገና በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ወረደ። ለማንም አልተናገርንም። በዚያ ዓመት በዓሉን እናስቀረው ብላት፣ «ምክንያቱን ሊጠይቁኝ ነው፤ ማብሰል ይቀላል» አለችና አበሰለች። ማዕድ ላይ እናቴ ቤቴልን እያቀፈች፣ ክፋት አስባ ሳይሆን እንደ ልማዷ፣ «አንድ ወልዶ ማቆም ደግሞ ምን የሚሉት ነው?» አለች። እማማ አልታዬ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ትርፌ ያን ጊዜ ቆየች። ከማዕዱ በታች እጇ የነጠላዋን ጫፍ ሲያከረው አየሁ። ከዚያ ሳቀችና፣ «ቤቴልን የመሰለች አንዷም ትበቃለች አሉ» አለች። አማቴ እናቴን በትከሻዋ ላይ ሳሟት። ያን ዓመት ባልዲው አጠገብ ብዙ ቆየች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ፣ «የዛሬው ውሃ ሳሙና አለበት» አለችኝ።

የትርፌ ቀብር ጉኑኖ ሆነ፣ በእናቷ መንደር። የእነርሱ ሰው በቀብር ላይ ይዘምራል፣ ቃል ይሰማል፤ ደረት መምታት፣ ፊት መንጨት የለም። ተስፋ እንደሌላቸው አታልቅሱ ይባላል። እናቴ ግን በምታውቀው ነው የመጣችው። ከመኪናው ወርዳ ገና ሳጥኑን ስታይ ነጠላዋን አገልድማ ደረቷን እየመታች፣ «ልጄ፣ አፌ፣ ምላሴ!» እያለች ጮኸች። መዝሙሩ ተቋረጠ። አንድ ሽማግሌ ቀረብ ብለው በጨዋ ደንብ እጃቸውን ዝቅ ዝቅ እያደረጉ ዝም እንድትል ለመኗት። እናቴ ቀና ብላ አየች። እማማ አልታዬ ከፊት ለፊቷ መዝሙር መጽሐፋቸውን ይዘው ቆመዋል። ፊታቸው ደረቅ ነው።

«ልጇን ቀብራ እንባ የሌላት» አለች እናቴ፣ «ምን ዓይነት እናት ናት?»

ልጅ፣ መቅበር፣ እንባ፣ እናት። ሁሉም መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለ ቃል ነው። እማማ አልታዬ ቃል በቃል ሰሟት። ትርፌ መሃላቸው ነበረች፣ ሳጥን ውስጥ።

ሶዶ ወዳለው ለቅሶ ድንኳናችን አማቴ አልመጡም። አንጁሎ መልእክት አመጣ፤ «ለገና አትጠብቁኝ» ብለዋል። ይህን ስትሰማ ቤቴል፣ «አያቴ ካልመጣች እኔም ጉኑኖ እሄዳለሁ» አለች። እናቴ ይህንን ሰምታ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ቀልድ የማውቅ ሰው አይደለሁም፤ ሰው ማስታረቅም አልችልበትም። ግን ትርፌ በጉንጯ ድካም ያቆየችው ነገር ቢኖር ይህ ማዕድ ነው። እሱም ከተበተነ ልጄ ከሁለት አያቶቿ አንዷን መምረጥ ሊኖርባት ነው። ስለዚህ ለገና አራት ቀን ሲቀረው ጉኑኖ ወረድኩ።

አንጁሎ በር ላይ አገኘኝ። በወላይትኛ፣ እንደ ድሮው በፍጥነት፣

«መምህር፣ ማስተማሩን ትተህ ሽማግሌ ሆንክ?» አለኝ። «ሽማግሌ ሦስት ሆኖ ነው የሚላከው፣ ሁለቱን የት ጣልካቸው?»

«አንተ አንደኛው ሁን።»

«እኔ የሟች ወገን ነኝ።»

«እኔስ?» አልኩት።

ክንዴን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባኝ።

እማማ አልታዬ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቦሎቄ ይፈለፍላሉ። ቀና ብለው አላዩኝም። መፈልፈሉን ሳያቆሙ በወላይትኛ፣

«እናትህ ናት የላከችህ?» አሉ።

አልላከችኝም። «አዎ» አልኩ።

«ምን ብላ?»

ትርፌ ብትሆን መጀመሪያ ትስቅ ነበር። እኔ መሬት መሬት እያየሁ፣ «ጠዋት ጠዋት የአልታዬን ስም በጸሎቴ እጠራለሁ ብላለች» አልኩ። እናቴ ይህን በልልኝ አላለችኝም፤ ነገሩ ግን እውነት ነው፣ ከቀብሩ በኋላ እንኳ አላቋረጠችም። አማቴ የያዙትን ቦሎቄ ሰፌዱ ላይ አስቀመጡት።

«እስካሁን?»

«እስካሁን።»

«ለቤቴል ስል እመጣለሁ» አሉ። «ለሌላ ለማንም አይደለም።»

የገና ዕለት አንጁሎ አምጥቷቸው፣ የራሱ ቤት በዓል ስላለበት ማታ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ ብሎ ተመለሰ። እናቴ ከቅዳሴ ተመልሳ ዶሮውን ራሷ ሠርታለች። ለቅሶ ቤት ምን በዓል አለው የሚሉ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ቢሆንም ሳህን አልነፈጉንም፣ ከቅርጫቸውም ጥሬ ሥጋ ከነማባያ ዳጣው ልከውልናል። ሁለቱ ሴቶች ማዕዱን ከበው ተቀመጡ። መሃላቸው ባዶ ነበር። ቤቴል አየችውና እኔን ጎተት አድርጋ አስቀመጠችኝ።

ማንም አልጸለየም። እናቴ እንጀራውን ቆርሳ ወደ አማቴ ገፋ አደረገች።

«በላት፣ ትብላ። ምን ያስቀራታል፣ ጾም እንደሁ የላት።»

እማማ አልታዬ ወደ እኔ ዞሩ። «ብዙ ይብሉ አለች» አልኳቸው። ድምፄ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የሚያነብ ሰው ይመስላል።

«አባዬ» አለች ቤቴል ዝግ ብላ፣ «እንደሱ አይደለም። እማዬ እኮ መጀመሪያ ትስቅ ነበር።»

ልስቅ ሞከርኩ። የወጣው ሳል ነበር። እናቴ ወጡ ያነቀኝ መስሏት ውሃ አቀበለችኝ፣ ጀርባዬንም መታ መታ አደረገችኝ። ቤቴል ሳቀች። እማማ አልታዬም ከንፈራቸው ትንሽ ፈታ አለ። እናቴ ደግሞ፣ «ይሄ ልጅ ሕፃን ሆኖም ወጥ ያንቀው ነበር፣ ንገራት» አለች። ነገርኳቸው፤ ይኼኛው መለወጥ አያስፈልገውም ነበር። «ትርፌም አጥንት ያንቃት ነበር» አሉ አማቴ። ይህንንም ነገርኳት። ሁለቱ ለጥቂት ጊዜ ስለ ልጆችና ስለ ጉሮሮ አወሩ። ደህና ልንውል ነው ብዬ አሰብኩ።

ቤቴል ለጎረቤት ሳህን ልታደርስ ወጣች። በሩ ሲዘጋ እማማ አልታዬ እጃቸውን ከማዕዱ አነሡ። እናቴን እያዩ፣ ለእኔ ግን በወላይትኛ፣

«አንድ ነገር እንድትነግርልኝ ነው የመጣሁት» አሉ። «እንደማወራው ንገራት። ልጄ እንደምታሳምረው አይደለም።»

ደነገጥኩ። «ያውቁ ነበር?»

«አማርኛ አላውቅም። የእናትህ ፊት ግን አማርኛ አይደለም፤ አነበው ነበር። ልጄ ስትደክም አይቼ እንዳመንኩ ሆንኩላት።» በአገጫቸው ወደ እናቴ ጠቆሙ። «እንባ የላትም ብላኛለች። ከእንሰቱ ጓሮ ገብቼ ነው ያለቀስኩት በላት፣ አፌን በቀሚሴ ጠቅጥቄ። ዕድሜዬን ሙሉ ልጅ ለሞተባቸው ሴቶች አታልቅሱ እያልኩ ዞሬያለሁ። የኔ ሲደርስ በእነሱ ፊት መጮህ አፈርኩ። እሷ ደረቷን ስትመታ ቀናሁባት በላት። ሽማግሌው ዝም ሲያሰኛት፣ ተዋት፣ የእኔንም ትምታልኝ ልለው ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። ይህንን ንገራት።»

እናቴ ከአፋቸው ወደ አፌ ተመለከተች። «ምን አለች? ስለ ቀብሩ ነው አይደል?»

«እማዬ» አልኩ። «እንዲህ ብለዋል።»

የሚቀጥለው ቃል እንሰት ነበር። ተራ ቃል ነው። ላወጣው አልቻልኩም። ጓሮው ታየኝ፣ በአፍ ውስጥ የተጠቀጠቀው ቀሚስ ታየኝ። ሁለቱም ይጠብቁኛል። አንዷ የልጇን አስተርጓሚነት፣ አንዷ የምራቷን፣ ከእኔ ይፈልጋሉ። በመጨረሻ የወጣልኝ፣

«ወጡ ጣፍጧቸዋል» የሚል ነው።

እናቴ የእማማ አልታዬን ሳህን አየች። አልተነካም። ከዚያ እኔን አየችኝ። አማቴ አማርኛውን ባይሰሙም ማጠሩን ሰምተዋል። ያን ሁሉ ተናግረው ሁለት ቃል ነው የወጣልኝ። ተነሥተው እጃቸውን ሊታጠቡ ወጡ። ከወጥ ቤቱ ጀርባ የውሃ ድምፅ ሰማሁ፤ ሄጄ አላየሁም።

አመሻሽ ላይ አንጁሎ መጣ። እናቴ ዶሮ በሳህን ሸፍና ለመንገድ ሰጠቻቸው፣ እማማ አልታዬም ተቀበሉ። በር ላይ ትከሻ ለትከሻ ነክተው ተለያዩ፣ እንደማይተዋወቁ ሰዎች። ቤቴል እስከ አስፋልቱ ሸኘቻቸውና ወደ እኛ ተመለሰች። ጉኑኖ አልሄደችም። ለሚቀጥለው ገና እማማ አልታዬ ይምጡ አይምጡ አልተነጋገርንም።

እናቴ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች። አንድ ጊዜ ልብስ እያሰጣች፣ አንድ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ። «ያን ቀን ያን ሁሉ ተናግራ ነበር። ምን ነበር ያለችው?» ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ወሬ አመጣሁ። እማማ አልታዬ ያሉትን ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም።